ጉንጭሽን ንፊ፣ ቱባውን አትንፊ

በከተማችን በኤልስታድ ወሬ ሥርዓት አለው። ስለ አንድ ሰው የሚወራው ለሁሉም ይነገራል፤ ለራሱ ለሰውየው ብቻ አይነገርም። ለባለቤቱ መንገር ነውር ነው። እዚህ ሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የሚባሉ ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው። ሰው አንድን ነገር ከልቡ ሲወደው «መጥፎ አይደለም» ይላል፤ ከልቡ ሲጠላው ደግሞ «ለየት ያለ ነው» ይላል። የቀረው ንግግር ስለ በረዶው ነው።

አርዲስ ክቫሜ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ይህን ሥርዓት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች ሴት ናት። ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ በነዳችበት ዘመን ሁሉ ከሹፌር ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ቱባ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያዋ ቦታ ነው። አንድ አዲስ ርእሰ መምህር፣ ልጆቹ ስለተጣበቡ መሣሪያው ከኋላ ይጫን ቢሏት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «ልጆቹ ይታጠፋሉ፣ ቱባው አይታጠፍም» አለቻቸው። ሰውየው ሹፌሯ ለየት ያለች መሆኗን ለሚስታቸው ነገሩ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ ሰማ።

የቱባው ነገር የጀመረው የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ፣ አርዲስ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ያኔ በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋ ነበር። ነፋች ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ክላርኔቱ እጇ ሲገባ ጅራቱን በር የያዘው ድመት ይሆናል። ባንዱ ውስጥ ደግሞ የወንበር ሥርዓት አለ፤ ጎበዙ ከፊት፣ ሰነፉ ከኋላ። ዓርብ ዓርብ ከኋላ ያለው ልጅ ከፊቱ ያለውን «ና እንለካካ» ማለት ይችላል። ሁለቱ ተራ በተራ ይነፋሉ፤ የቀረው ልጅ ማን እንደነፋ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያዳምጥና እጁን እያወጣ ይፈርዳል። አርዲስ በየዓርቡ እንለካካ ትላለች። በየዓርቡ ትሸነፋለች። ሰኞ ተመልሳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሽንጧን ገትራ ትቀመጣለች። ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞሩ ለሷ ምንም አልጠቀማትም፤ እሷን ለመለየት አንዲት ኖታ ትበቃ ነበር።

የባንዱ መምህር ሚስተር ሎፍግሬን ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቢራቢሮ ከረባት ከአንገታቸው የማይጠፋ፣ ኪሳቸው በሚንት ከረሜላ የተሞላ ሰው ነበሩ። ልጅ ተቆጥተው አያውቁም። ከመቆጣት ይልቅ ከረሜላ ይሰጣሉ። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ከረሜላ የተሰጠው ልጅ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ባንዶች ለውድድር ይሰበሰባሉ። ሦስት ዳኞች አዳምጠው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጣሉ፤ አንድ ያገኘ የእንጨት ጋሻ ይዞ ይመለሳል። የኛ ባንድ ሦስት ዓመት በተከታታይ አንድ አግኝቷል። ሦስቱ ጋሻዎች ከምግብ አዳራሹ በር በላይ ተሰቅለዋል። ለአራተኛው ሚስተር ሎፍግሬን ሚስማሩን ቀድመው መትተው ጨርሰዋል።

እንግዲህ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዱዌን ሩድ ከነቤተሰቡ ወደ ሞንታና ሄደ። ዱዌን የባንዱ ብቸኛ ቱባ ነፊ ነበር። ቱባ ማለት እቅፍ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አፉ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያክል፣ ከባንዱ መሣሪያ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ያለው የነሐስ ግንድ ነው። ባዶ ወንበሩ እንደ ወለቀ የፊት ጥርስ ከሩቅ ይታይ ጀመር።

አንድ ሰኞ ሚስተር ሎፍግሬን አርዲስን ከክፍል አስጠሯት። ትከሻዋን ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት። «ጥሩ ትከሻ አለሽ» አሏት። ባንድ ከገባች ጀምሮ የሰማችው የመጀመሪያ ምስጋና ስለሆነ፣ ስለ ትከሻ መሆኑን ልብ አላለችም። ቱባውን ሲያስታቅፏት ተንገዳገደች። ነሐሱ ዱዌን ተደብቆ ያኝከው የነበረውን ትንባሆ ይሸታል፤ ጎኑም እንደ አሮጌ ድስት ተጨርምቷል። እሷ ግን እንደ አራስ ልጅ ነው ያቀፈችው። ከአሁን በኋላ ዓርብ ዓርብ የሚለካካት የለም፤ ባንዱ ውስጥ ሌላ ቱባ የለማ።

ከዚያ ሚስተር ሎፍግሬን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ነገሩ እንዲህ ነው አርዲስ» አሏት፣ ከረሜላዋን በሁለት ጣታቸው እንደያዙ። «ዳኞቹ ቱባ ማየት ይወዳሉ። አንቺ ትይዥዋለሽ፣ ጣትሽን ታንቀሳቅሻለሽ። ጉንጭሽን ንፊ፣ ቱባውን አትንፊ። ድምፁን ከርሚት በባሪቶኑ ይሸፍነዋል።»

ከርሚት አሰን ማለት ከቱባ ታናሽ የሆነውን መሣሪያ፣ ባሪቶኑን የሚነፋ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው። ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል።

«ቢያመልጠኝስ?» አለች አርዲስ።

«እሱማ ለየት ያለ ይሆናል» አሉና ከረሜላዋን አስጨበጧት።

አርዲስ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን መስኮት ከፍታ ከረሜላዋን ከነመጠቅለያዋ በረዶው ላይ ወረወረቻት። በዚያ ቀን ምን እንደወሰነች ለማንም አልተናገረችም፤ እሷ እንደምትለው ከሆነ ገና አልወሰነችም ነበር፣ ንዴት ብቻ ነው የነበረባት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሂሳብ ክፍል ለሩብ ሰዓት እየወጣች የቱባ ትምህርት ትማር ጀመር። ትምህርቱ የጣት ብቻ ነው። ሚስተር ሎፍግሬን ግን ሥራቸውን የሚያከብሩ መምህር ነበሩ፤ ጣት ከተባለ ጣት ነው። የትኛው ኖታ ላይ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን፣ ስንት ምት ዝም እንደሚባል፣ የት ላይ እንደሚገባ አንድ ሳያስቀሩ አስተማሯት። ስትሳሳት በእርሳሳቸው የኖታ ማስቀመጫውን መታ መታ ያደርጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ከዚያች መታ መታ በስተቀር ድምፅ የለም። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጸሎት የያዙ ይመስለው ነበር።

በሦስተኛው ማክሰኞ አርዲስ ቱባውን ለልምምድ ቤት ልውሰደው ወይ ብላ ጠየቀች። ሚስተር ሎፍግሬን በጣም ደስ አላቸው። ጉንጯን በመስተዋት ፊት ብትለማመድ ጥሩ እንደሚሆን መከሯት።

ቱባው በአውቶቡስ ሁለት ልጅ አስነስቶ ቤቷ ገባ። እናቷ ቨርኔል የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት አዛዥ ናት። አባቷ ኦሪን ስንዴ ያመርታል፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ካወጣ የሚደክመው ሰው ነው። አርዲስ ወጥ ቤት መሃል ቆማ ትንፋሿን እስከ ሆዷ ስባ አንዴ ብትነፋ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች ተንጫጩ፤ ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ በማግስቱ ነው የወጣው። ቨርኔል ማማሰያውን ወደ በሩ ቀስራ፣ «ውጪ» አለች። በየካቲት ውጪ ማለት ደግሞ ከንፈር ከብረት ጋር ተጣብቆ የሚቀርበት ነው። የቀረው ጎተራው ነው።

ኦሪን በጋጣው አጠገብ ክብ የቆርቆሮ ጎተራ ነበረው። ስንዴው ተሸጦ ባዶ ነው። አርዲስ መንፊያውን ነቅላ ብብቷ ሥር እያሞቀች፣ ቱባውን በበረዶ መንሸራተቻ እየጎተተች በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ትገባ ጀመር። ባዶ የብረት ጎተራ ውስጥ ቱባ ሲነፋ ድምፁ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ ዙሪያውን ይሮጣል፣ ከዚያ ከጀርባ መጥቶ ማጅራት ይመታል። የመጀመሪያ ቀን ደንግጣ ዞር ብላ አይታለች። ኋላ ግን ለመደችው። አንዴ ትነፋለች፣ ጎተራው እስኪመልስላት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትነፋለች። ይህቺ ልማድ ኋላ ጉድ ታፈላለች፤ ያኔ ግን የሚመልስላት ነገር በማግኘቷ ብቻ ደስ ብሏታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ድምፁ ሙዚቃ አልነበረም። በአሥረኛው ቀን የጎተራው በር ተበረገደና ጎረቤታቸው ፓልመር ስቴንበርግ ገመድና ባልዲ ይዞ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ገባ።

«የታለች?» አለ።

«ማን?»

«ላሟ ናታ። ከሰዓት ጀምሮ ስታምጥ እየሰማኋት ነው። ጥጃው ዞሮባት ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ላሟ እኔ ነኝ ሚስተር ስቴንበርግ።»

ፓልመር ቱባውን አየ፣ እሷን አየ፣ ገመዱን አየ። አትንፊ መባሏን ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን ለባለቤቱ አይነገርም። ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበትና አንዴ አስነፋት። ከዚያ ተነስቶ በሩ ላይ ሲደርስ፣ «መጥፎ አይደለም» አለ። «ጥጃው ግን ገና አልወጣም።»

በዚያ ዘመን በኛ ሰፈር አንድ የስልክ መስመር ለስምንት ቤት ነበር። አንዱ ሲደውል ሰባቱ ያነሳሉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ያዳምጣሉ። ፓልመር ቤቱ ገብቶ ለወንድሙ ሲደውል፣ ያቺ አትንፊ የተባለችው ልጅ ጎተራ ውስጥ ተደብቃ እየነፋች መሆኗን ስምንት ቤት ሰማ። እራት ሳይቀርብ ከተማው ሰማ። ከዚያ ወዲያ የፓልመር ሚስት ከሰዓት በኋላ ላይ ስልኩን አንስታ በክፍት መስኮት በኩል ወደ ጎተራው ታዞረው ጀመር። ሰባቱ ቤት ስፌቱን ይዞ ይከታተላል። መጋቢት ሲጋመስ ሰዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው፣ ጎማ የሚያዩ መስለው ያዳምጡ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ አንድ ቀን ፓልመር ስልኩን አንስቶ ሰላምታ ሳያስቀድም፣ «ጥጃው ወጥቷል» ብሎ ዘጋው።

ይህን ሁሉ ያልሰሙ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ሚስተር ሎፍግሬን። ትእዛዙ የሳቸው ነዋ፤ ለባለቤቱ አይነገርማ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ኦሪን ልጁንና ቱባውን በጭነት መኪናው ወደ ትምህርት ቤቱ እያደረሰ ነበር። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። አርዲስን ንዴት ሲያዝዛት ነገሩ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ሠላሳ ልጅ፣ አንድ ጋሻ፣ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። ብትነፋና ብታበላሽ የባንዱን ስም ያጠፋች እሷ ናት። ባትነፋ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ጣቷን ስታንቀሳቅስ የምትኖር መሰላት።

«አባዬ» አለች፣ «ሚስተር ሎፍግሬን ቢቆጡኝስ?»

«ይቆጣሉ» አለ ኦሪን።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። ኦሪን በመስተዋቱ ወደ ኋላ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ወደ ተኛው ቱባ ተመለከተ።

«ከባድ ነው?»

«በጣም።»

«እንግዲህ» አለ ኦሪን፣ «ተሸክመሽው ከሄድሽ አይቀር።»

የዚያ ቀን ኮታው አልቆ ነበርና እስከ ማታ አልተናገረም።

በሌላው ዓመት ባንዱን ተከትሎ ወደ ውድድሩ የሚሄደው ሦስት መኪና ቢበዛ አራት ነው። በዚያ ዓመት ከአውቶቡሱ ኋላ ሃያ ሁለት መኪና ተሰለፈ። ፓልመር ለቀብር ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሴቶቹ በየትሪው ኬክ ቆርጠው ጭነዋል። ሚስተር ሎፍግሬን ከአውቶቡሱ የኋላ መስኮት ሰልፉን ሲያዩ ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ፤ መነጽራቸውንም አውልቀው ጠረጉ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ሕዝብ ዛሬ አመሰገነኝ ብለው ነው። ማንም አላረማቸውም።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ በጨርቅ የተለበጠ፣ ግድግዳው መጋረጃ የለበሰ። አርዲስ ከመጨረሻው ረድፍ ቱባውን አቅፋ ተቀመጠች። የሚስተር ሎፍግሬን መምሪያ ዘንግ ተነሳ፤ የሰልፍ ዜማው፣ ማርሹ ተጀመረ። ቱባው የሚገባው ስምንት ምት ዝም ካለ በኋላ ነው። ቆጠረች። ጣቷ ያውቀዋል። ጉንጯን ነፋች፣ እንደተባለችው። ከዚያ እስከ ሆዷ ተነፈሰችና ቱባውን ነፋችው።

ዘገየች። ግማሽ ምት ዘገየች። ሁለት ወር ሙሉ የጎተራውን መልስ መጠበቅ የለመደች ልጅ፣ መጋረጃና ጨርቅ ድምፁን ውጦ ሲያስቀርባት ግራ ገባት፤ መልሱን ስትጠብቅ ባንዱ ጥሏት ሄደ። ድምፁ ግን ወጣ። የፊት ረድፍ ላይ ያለች የአንዲት ሴት ባርኔጣ ላባ ሲነቃነቅ ያየ ሰው አለ፤ እኔ አላየሁም፣ ለማለት ግን ደስ ይለኛል። ከርሚት ባሪቶኑን ከአፉ አውርዶ አፉን ከፈተ። ሚስተር ሎፍግሬን ዘንጋቸው እየሄደ ዓይናቸው ቆመ። በግራ እጃቸው ቀስ፣ ዝቅ፣ ተይው የሚል ምልክት ሰጧት። አርዲስ ምልክቱን አየች። ማየቷንም እንዲያዩላት ዓይኗን ዓይናቸው ላይ ተክላ የሚቀጥለውን ነፋች። እሱም ዘገየ። ሁለተኛው ገጽ ላይ መልስ እንደማይመጣ ገባት፤ መጠበቋን ተወችና ምቱን ያዘች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ድረስ ከባንዱ ጋር እኩል ረገጠች።

ሲያልቅ የኤልስታድ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። የኤልስታድ ሰው ቆሞ አያጨበጭብም። ፓልመር ከጎኑ ወዳለው ሰው ዞር ብሎ፣ «መጥፎ አይደለም» ሲለው ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

የተሰጠን ደረጃ ሁለት ነው። ጋሻ የለም። ከዳኞቹ አንዱ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጽፏል፦ «ቱባው መጀመሪያ ላይ ግማሽ ምት ይዘገያል። ይሁን እንጂ ቱባ አላችሁ።»

ሲመለሱ ሚስተር ሎፍግሬን ከፊት ወንበራቸው ተነስተው፣ የአውቶቡሱን ወንበሮች እየያዙ እስከ ኋላ መጡና ከአርዲስ ፊት ቆሙ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ አልገባም። ልጆቹ ሁሉ ድንገት የጭቃ ሜዳ ፍቅር ይዟቸው በየመስኮቱ ወደ ውጪ ማየት ጀመሩ።

«አትንፊ ብዬሽ ነበር» አሏት።

«ብለውኛል። ሰምቻለሁ። እምቢ ነው ያልኩት።»

«አንድ እናገኝ ነበር አርዲስ።»

«ሁለቱ የመጣው በኔ ነው» አለች። ቱባውን አጥብቃ እንዳቀፈችው ነው። «አንድ ቢመጣ ኖሮ በኔ አይሆንም ነበር።»

ሚስተር ሎፍግሬን ወንበሮቹን እየያዙ ወደ ፊት ተመለሱ።

ሰኞ ባንዱ ሲሰበሰብ ቱባው የለም። መሣሪያ ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ሚስተር ሎፍግሬን ወገብ ላይ ነው። «ቱባው ትንሽ ዕረፍት ያስፈልገዋል» አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ። አርዲስ ወደ ክላርኔቷ እንድትመለስ አልተባለችም፣ ከባንዱ ውጪም አልተባለችም። እንዲሁ ትጥፋ ነው ነገሩ።

አልጠፋችም። የቱባው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ዘንጉ ሲነሳ ክንዶቿን ባዶ አየር ላይ እንደ እቅፍ ከበበች። ዝም የሚባለውን ምት ቆጠረች። ከዚያ ጉንጯን ነፍታ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀመረች። አንድም ቁልፍ ሳትሳሳት፣ ማርሹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአየር ላይ ነፋችው። መጀመሪያ የታዘዘችው ይኸው አይደል? ጣትሽን አንቀሳቅሺ፣ ጉንጭሽን ንፊ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። ሚስተር ሎፍግሬን ዓይናቸውን ከዚያ ጥግ ሲያሸሹ አንገታቸው ተጣመመ ተብሎ ተወራ።

ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ቺሊ የተባለው የሥጋና የቦሎቄ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ነው፤ ዳቦው ላይ ካራሜል፣ የቀለጠ ስኳር፣ ይፈስበታል። ቨርኔል በዚያ ሐሙስ ለሚስተር ሎፍግሬን ጠርዝ ላይ ያለውን ደረቁን አነሳችላቸው። በማግስቱ የሾርባቸው ጭልፋ ከላይ ከላይ ብቻ ቀዳ። «ጤና ይስጥልኝ ሚስተር ሎፍግሬን፣ ዛሬ ነፋስ አለ አይደል?» ትላቸዋለች ፈገግ ብላ። እሳቸውም ነፋስ እንዳለ ያምናሉ። በሁለተኛው ሐሙስ ዳቦው ላይ ካራሜል የሚባል ነገር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን አርዲስ አየሩን ታቅፋ ስትነፋ፣ ከፊቷ ካሉት ክላርኔቶች አንዷ፣ ሎርና ትዌተን የምትባል ዓይነ አፋር ልጅ፣ ክላርኔቷን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ከዚያ እሷም ጣቶቿን በአየር ላይ ታንቀሳቅስ ጀመር። ለካ እሷም ከረሜላ ተሰጥቷታል፤ ከመስከረም ጀምሮ ባንዱ አብሮ ሲነፋ አንድ ኖታ ነፍታ አታውቅም። ቀጥሎ ሁለቱ ዋሽንቶች መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ትራምፔት። አምስት ልጅ በባዶ እጁ ይነፋል፣ ባንዱ ማርሹን ይዞ ይሄዳል። ዋናው ነገር የሆነው ያኔ ነው፤ አራት መሣሪያ ወርዶ ድምፁ የፀጉር ያህል እንኳ አልቀነሰም። ከበሮ መቺው ነገሩ ቀድሞ ገባውና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ለሁሉም ገባ። ማርሹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ቆመ፤ ባንዱ በሙሉ መሣሪያ የሌላቸውን አምስት ልጆች ዞሮ አየ።

ሚስተር ሎፍግሬን ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። ትምህርቱ ለዛሬ ይበቃል አሉና ቀድመው ወጡ።

ቀጥሎ የመጣው ማክሰኞ ነው። አርዲስን ከትምህርቱ የሰረዛት ስለሌለ ከሂሳብ ክፍል ወጥታ ሄደች። ቁም ሳጥኑ ተከፍቷል። ቱባው ወንበሩ ላይ ነው፤ ተወልውሏል፣ የትንባሆው ሽታ እንኳ ጠፍቷል። ሚስተር ሎፍግሬን በመስኮቱ ወደ ውጪ ያያሉ። አርዲስ በሩ ላይ እንደቆመች አልገባችም።

«ምን ላድርግ?» አለች።

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። መጨረሻ ላይ የነገሩኝ አትንፊ ነው።»

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ።

«ከረሜላ አልፈልግም ሚስተር ሎፍግሬን። በአፍዎ ይንገሩኝ።»

ሰውየው እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አባታቸውም እዚሁ፣ አያታቸውም እዚሁ። እንዲህ ያለ ነገር በዘር ማንዘራቸው ፊት ለፊት ተነግሮ አያውቅም። ከረባታቸውን አስተካከሉ። ጭቃው ዘንድሮ ቶሎ እየደረቀ ነው አሉ። አርዲስ ጠበቀች። ለሎርናም ለሌሎቹም ከአሁን በኋላ የየራሳቸው ሩብ ሰዓት ተመድቦላቸዋል አሉ። እሷ አሁንም ቆማለች።

«ንፊ» አሉ በመጨረሻ፣ ለመስኮቱ።

«አልሰማሁም።»

ዞሩ። «ንፊ አርዲስ። ቱባውን ንፊው።»

ገባች፣ ተቀመጠች፣ አቀፈችው፣ እስከ ሆዷ ተነፈሰችና ነፋች። ከታች ወጥ ቤት ውስጥ የቨርኔል የድስት ክዳኖች ግድግዳው ላይ ተንጫረሩ። ቨርኔል ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ካራሜሉ ያለበትን ማሰሮ አውርዳ ለሐሙስ ትልቅ ምልክት አደረገችበት።

ላይ ቤት ሚስተር ሎፍግሬን እርሳሳቸውን አንስተው የኖታ ማስቀመጫውን መታ መታ አደረጉ።

«ዘግይተሻል» አሏት። «ግማሽ ምት። ድምፅሽም ከጉሮሮ ነው የሚመጣው፣ አስቀያሚ ነው። ከሆድሽ አምጪው።»

በዚያች ከተማ ስለ አርዲስ የተባለ ነገር ለአርዲስ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ነው። ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ ፈገግ አለች።

«አውቃለሁ» አለችና ደግማ ነፋች።